ገበቴው ከክራሩ ሲለይ

ባለፈው ክረምት ለአንድ ጊታሪስት ጓደኛዬ ዕቁብ ወጣለት። ገንዘቡን ይዞ ቤቱ ከመግባቱ በፊት እኔ ዘንድ መጣ። ይህ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ ከባንድ ጋር በሳምንት አራት ሌሊት ይጫወታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ይጠቀምበት የነበረው አምፕሊፋየርና ስፒከር የተውሶ ነበር፤ አሁን ግን የራሱን ሊገዛ ቆርጧል። አምፕሊፋየሩን ቀደም ብሎ በልኩ አግኝቷል። የቀረው የስፒከሩ ሳጥን ነው። ለእሱም ሻጭ አላጣም። የተገኘው ሳጥን አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች የተገጠሙበት፣ ፊቱ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፣ በሮክ ሙዚቀኞች ፎቶግራፍ ላይ ሁሉ ከጀርባ ተገትሮ የምናየው ዓይነት ነው።

«አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ» አለኝ። «ይህን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? እስከ ቅዳሜ ንገረኝ።» ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ደግሞ እንደ ቀልድ አድርጎ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ከሥራ በወጣ ቁጥር ግራ ጆሮው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማዋል፤ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስም አይለቀውም።

እኔ ጊታር አልጫወትም። ጥያቄው የዋጋና የፋብሪካ ስም ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ማንበብ ስጀምር ግን የተጠየቅሁት ስለ ዕቃ ሆኖ ሳለ ያገኘሁት ታሪክ ሆነ። ያ ባለ አራት ስፒከር ሳጥን የተወለደበት ቀንና ሰፈር፣ የተወለደበትም ምክንያት አለው። ጓደኛዬ መልስ ማግኘት የሚችለው ያ ምክንያት ዛሬም መኖር አለመኖሩ ሲታወቅ ብቻ ነው። ታሪኩን እነሆ። (የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድምፅ አልባው እንጨት

ከእኛው ክራር እንነሣ። የክራር ጅማት ብቻውን ቢነካ ድምፁ ከተጫዋቹ ጉያ አይወጣም። ለእልፍኙ ሁሉ የሚያደርሰው ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ ነው። ጅማትና ገበቴ አንድ አካል ስለሆኑ ክራር የሚገዛ ሰው ገበቴውን ለብቻው አይመርጥም። ተራው ጊታርም እንደዚሁ ነው፤ ሆዱ ባዶ የሆነው ለዚሁ ሲባል ነው።

ኤሌክትሪክ ጊታር ይህን አንድነት አፈረሰ። አካሉ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ፣ ድፍን እንጨት ነው። ከክሮቹ ሥር የተቀመጠው ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ አምፕሊፋየሩ ያጐላዋል፤ ስፒከሩ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ገበቴው ከክራሩ ተለይቶ፣ በሽቦ ተያይዞ፣ ወለል ላይ ቆመ ማለት ነው። የስፒከር ሳጥን መምረጥ ገበቴ መምረጥ ነው።

ሳጥኑ እንዲያው የስፒከሩ ማስቀመጫ ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፤ በዚያችው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ስፒከሩ ራቁቱን ከተቀመጠ የፊቱና የኋላው አየር በጠርዙ ዞረው ይገናኙና ይጣፋሉ፤ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሳጥኑ ሁለቱን ይገላግላል። ጀርባው ክፍት ከሆነ ድምፁ ከፊትም ከኋላም ወጥቶ በመድረኩ ላይ ይሰራጫል፤ ለዘብ ያለና አየር የተቀላቀለበት ይሆናል። ጀርባው ከተደፈነ ግን ወፍራሙ ድምፅ ጠንከርና ጠበቅ ይላል፤ ኃይሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይወረወራል።

ኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ የቀረበው በ1932 በአሜሪካ ነው። በ1939 ቻርሊ ክሪስቲያን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ጊታሪስት ከቤኒ ጉድማን የጃዝ ቡድን ጋር ሲቀላቀል፣ በትንፋሽ መሣሪያዎች ጩኸት ተውጦ የኖረው ጊታር ከሳክስፎን እኩል ብቻውን መናገር ቻለ። ለዚህ ያበቃችው 15 ዋት ገደማ ኃይል ያላት፣ አንድ ስፒከር የያዘች፣ በአንድ እጅ የምትንጠለጠል ሳጥን ነበረች። ያን ጊዜ ከጊታሪስት ይፈለግ የነበረው ይህ ብቻ ነበር፤ ከቡድኑ መሐል መሰማት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረው ሊዮ ፌንደር ተነሣ። በ1952 «ባስማን» ብሎ ለቤዝ ጊታር የሠራው አምፕሊፋየር ከጥቂት ዓመታት በኋላ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ያሉት፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ሳጥን ሆነ። ቤዝ ተጫዋቾች ከወደዱት ይልቅ ሊድ ጊታር ተጫዋቾች ወደዱት። ታሪኩ ወደ ለንደን የሚሻገረውም በዚሁ ዕቃ በኩል ነው።

የሀንዌሉ ሱቅ

ጂም ማርሻል ጊታሪስት አልነበረም። በ1923 የተወለደ፣ በልጅነቱ በአጥንት ሳንባ ነቀርሳ ታሞ ዓመታትን በጀሶ ታስሮ ያሳለፈ፣ ኋላም ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ የሆነ የለንደን ሰው ነው። በ1960 በምዕራብ ለንደን በሀንዌል ሰፈር፣ በአክስብሪጅ መንገድ ላይ፣ ቁጥር 76 የሆነች የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። መጀመሪያ ከበሮ ነበር የሚሸጠው። ከበሮ መቺዎቹ ጊታሪስቶችን አስከትለው መጡ፤ ጊታሪስቶቹም የሚፈልጉትን ድምፅ የሚሰጥ አምፕሊፋየር እንዳጡ ይነግሩት ጀመር። የአሜሪካው ፌንደር በእንግሊዝ ገበያ ውድ ነበር።

የሱቁ ጠጋኝ ኬን ብራን እና ዱድሊ ክሬቨን የተባለ ወጣት ቴክኒሻን የባስማንን አሠራር መነሻ አድርገው በእንግሊዝ አገር ከሚገኙ ዕቃዎች አዲስ አምፕሊፋየር ሠሩ። በ1962 ለሽያጭ የቀረበው ይህ አምፕሊፋየር ጄቲኤም 45 ተባለ፤ ፊደሎቹ የጂምና የልጁ የቴሪ ማርሻል ስም መነሻዎች ናቸው።

የጓደኛዬ ሳጥን የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ ይሠሩ የነበሩት ባለ 12 ኢንች የሰለስቲየን ስፒከሮች እያንዳንዳቸው የሚችሉት ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነበር። አዲሱ አምፕሊፋየር ሲለቀቅባቸው ይቃጠላሉ። ሁለት በአንድ ላይ ቢደረጉም አልበቃም። አራት ሲሆኑ ሸክሙን ተካፍለው ቻሉት። የሳጥኑም መጠን በጥልቅ የድምፅ ጥናት የተገኘ አይደለም፤ ማርሻል ራሱ በኋላ እንደተናገረው አራት ስፒከር በምቾት የሚይዘው ትንሹ ሳጥን ያ ስለሆነ ብቻ ነው። ጀርባውም ተደፈነ።

ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም ብዬ አሰብኩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የኃይልና የወንድነት ምልክት ሆኖ የሚታየው ባለ አራት ስፒከር ሳጥን፣ መነሻው የስፒከሮቹ ደካማነት ነው። አንዱ የማይችለውን አራት ሆነው እንዲሸከሙት ተደረገ። ዛሬ ግን አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ብቻውን 60 ወይም 100 ዋት ይችላል።

ታዲያ ነገሩ በአራት ስፒከር አልቆመም። በአካባቢው የሚኖሩት የ«ዘ ሁ» ባንድ አባላት የማርሻል ደንበኞች ነበሩ። ኪት ሙን የተባለው ከበሮ መቺያቸው ከባድ እጅ ያለው ሰው ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ኤንትዊስል በኋላ እንደተረከው፣ መጀመሪያ ባለ አራት ስፒከሩን ሳጥን የገዛው እሱ ነው፤ የዚያን ጊዜ ጊታሪስቱ ፒት ታውንሸንድ የራሱ ድምፅ አልሰማው አለና እሱም ገዛ፤ አንዱ ሁለት ሲያደርግ ሌላውም ሁለት አደረገ። ከጠላት ጋር ሳይሆን በአንድ መድረክ ላይ፣ በወዳጆች መካከል የተደረገ የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ነበር ቢባል ይቀላል።

በ1965 ታውንሸንድ 100 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየርና ስምንት ስፒከር በአንድ ላይ የያዘ ሳጥን አዘዘ። ማርሻል ሸክሙ እንደማይቻል አስጠነቀቀው፤ አልሰማም። ብዙም ሳይቆይ ሳጥኑን ከመኪና መኪና የሚያመላልሱት ሠራተኞች ወገባችን ተቆረጠ አሉ። መፍትሔው ሳጥኑን ለሁለት መክፈል ሆነ፤ ከታች ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ከላይ ግንባሩ ወደ ኋላ የተጋደመ፣ በላያቸው ላይ አምፕሊፋየሩ። በየፎቶግራፉ የምናየው ግንብ የተገነባው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላ ደንበኛ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጥቶ ነበር። እንደሚተረከው ኤሪክ ክላፕተን የጠየቀው በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚገባ አምፕሊፋየር ነው። ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ጀርባው ክፍት ሳጥን ተሠራለት። በ1966 ከጆን ሜዮል ጋር በቀረጸው አልበም ላይ የሚሰማው ወፍራም የጊታር ድምፅ የወጣው ከዚህ ነው። ብዙ ጊታሪስቶች እስከ ዛሬ ሊደርሱበት የሚደክሙለት ድምፅ ነው። ግንብ አላስፈለገውም።

55 ሺህ ሰውና 100 ዋት

ታውንሸንድን የእብሪት ሰው ብቻ አድርጎ መሳል ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በዚያ ዘመን ዛሬ የምናውቀው የድምፅ ማጉያ ሥርዓት አልነበረም። ከመድረኩ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ስፒከሮች ትንንሽ ነበሩ፤ የሚያገለግሉትም ለዘፋኙ ብቻ ነው። ጊታሩ ለአዳራሹ ሁሉ የሚደርሰው በራሱ ሳጥን ጉልበት ነው። ሕዝቡ በበዛ ቁጥር ሳጥኑ ካልበዛ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም።

ችግሩ ቁልጭ ብሎ የታየው ነሐሴ 15 ቀን 1965 ኒውዮርክ በሚገኘው ሼይ ስታዲየም ነው። ቢትልስ ከ55 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ቀረቡ። ቮክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለዚህ ጉዞ ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየሮች ሠርቶላቸዋል። የዘፋኞቹ ድምፅ ደግሞ ለቤዝቦል ጨዋታ ማስታወቂያ በሚነገርበት የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። የሕዝቡ ጩኸት ሁሉንም ዋጠው። አራቱ ሙዚቀኞች አንዱ የሌላውን መስማት አቃታቸው። በዓመቱ ነሐሴ 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ካቀረቡት ዝግጅት በኋላ የመድረክ ጉዞ አቆሙ። ለውሳኔያቸው ብዙ ምክንያት ይቆጠራል፤ ራሳቸውን እንኳ በማይሰሙበት ቦታ መጫወት መሰልቸታቸው ግን አንዱ ነው።

መፍትሔው ከጊታር ሳጥን በኩል አልመጣም። በነሐሴ 1967 በዊንዘር በተደረገው የጃዝና ብሉዝ ፌስቲቫል ቻርሊ ዋትኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ብዙ አምፕሊፋየሮችን አያይዞ 1,000 ዋት የሚያወጣ የድምፅ ማጉያ አቆመ። በ1969 በአሜሪካ በዉድስቶክ ለተሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ ድምፁን ያደረሰው ቢል ሀንሊ ነው። ከእነዚህ ሰዎች በኋላ የከበሮው፣ የጊታሩ፣ የዘፋኙ ድምፅ በየማይክራፎኑ ተለቅሞ በአንድ ሚክሰር ላይ እየተመጠነ በትልልቅ ስፒከሮች መልቀቅ የተለመደ ሆነ። እኛ አገር ሞንታርቦ የምንለው ነው፤ ስሙ የአንድ ጣሊያናዊ ፋብሪካ ስም መሆኑን ልብ የሚል ብዙ ሰው የለም።

እዚህ ላይ የጊታር ሳጥን ሥራ ሳይታወቅ ተለወጠ። አሁን ከሳጥኑ ፊት ማይክ ይቆማል። ማይኩ የሚቆመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ ስፒከሮች በአንዱ አፍንጫ ላይ ነው። በአዳራሹ ያለው ሕዝብ የሚሰማው ያን አንዱን ነው። ሦስቱ የሚጮኹት ለተጫዋቹ ሱሪ፣ ለከበሮ መቺውና ለዘፋኙ ማይክ ነው።

ግንቡ ግን አልፈረሰም። ችግሩ ከሄደ በኋላም ሥዕሉ ቀረ። እንዲያውም አንዳንድ ባንዶች ከጀርባቸው ከሚደረድሯቸው ሳጥኖች ብዙዎቹ ባዶ፣ ስፒከር የሌለባቸው መሆናቸው የታወቀ ነው። ለዓይን የቆሙ ናቸው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

ግንቦት 31 ቀን 1976 ዘ ሁ በለንደን በቻርልተን ስታዲየም ሲጫወቱ ከስፒከሮቹ 32 ሜትር ርቀት ላይ የተለካው ድምፅ 126 ዴሲቤል ሆነ። ጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ የዓለም ከፍተኛው ጩኸት ብሎ መዘገበላቸው። በኋላ ግን መዝገቡ ሰዎች ጆሯቸውን እንዲጎዱ ማበረታታት እንዳይሆን ብሎ ይህን ውድድር ከነጭራሹ ተወው።

ፒት ታውንሸንድ ጆሮው ውስጥ የማያቋርጥ ጩኸት እንዳለና የመስማት ኃይሉ እንደቀነሰ በይፋ ተናግሯል። እሱ ከመድረኩ ይልቅ ዋነኛ ጥፋተኛ የሚያደርገው በስቱዲዮ ውስጥ ጆሮው ላይ ሲደፋው የኖረውን ማዳመጫ ነው። ቢሆንም በ1988 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሙዚቀኞችን ጆሮ ለመጠበቅ የሚሠራ ድርጅት ሲቋቋም በገንዘብ ረድቷል። ባንዱ በ1989 ባደረገው የመድረክ ጉዞም አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ተራውን ጊታር ነው፤ የኤሌክትሪኩን ሥራ ሌላ ሰው ተሸከመለት። ስምንት ስፒከር በአንድ ሳጥን ያዘዘው ያው ሰው ነው።

የአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተመራማሪዎች የሚመክሩት ልክ እንዲህ ነው። 85 ዴሲቤል በሆነ ድምፅ ውስጥ ሰው 8 ሰዓት ቢሠራ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የተፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ሳነብ ትዝ ያለኝ የጓደኛዬ ግራ ጆሮ ነው። እሱ በሌሊት 4 ሰዓት ይጫወታል፤ ከበሮው በስተግራው ነው፤ የሚገዛው ሳጥን ከኋላው ሊቆም ነው።

ቅዳሜ የነገርኩት

ቅዳሜ ዕለት ሲመጣ ያወጣሁትን ማስታወሻ አነበብኩለት።

በመጀመሪያ ስለ ኃይል። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መሄድ ድምፁን እጥፍ አያደርገውም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ጆሮ ለይቶ የሚያውቀውን ያህል ትንሽ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። በአንጻሩ ስፒከሮች በአንድ ዋት በሚያወጡት ድምፅ ይለያያሉ። አንዱ 97 ዴሲቤል፣ ሌላው 100 ዴሲቤል ከሆነ፣ ሁለተኛውን መግዛት አምፕሊፋየሩን እጥፍ እንደማድረግ ነው። ስለዚህ የስፒከሩን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ በስፒከሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል።

ሁለተኛው የአቅጣጫ ነገር ነው። የጊታር ስፒከር ቀጭኑንና ስለታሙን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ይወረውራል። ሳጥኑ ወለል ላይ ሆኖ ተጫዋቹ ከፊቱ ሲቆም ያ ስለት ጉልበቱ ሥር ያልፋል፤ ለራሱ የሚሰማው የደፈነ ድምፅ ነው። ስለዚህ ይጨምራል። ስለቱ የሚያርፈው ፊት ለፊት ጠረጴዛ የያዘው እንግዳ ላይ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረታችን ለጊታሪስት የተነገረ ይመስላል። ትንሿን ሳጥን ከፍ አድርጎ ወደ ፊት ማዘንበል ከሦስት ተጨማሪ ስፒከር ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ክፍት ወይስ ድፍን? ጠባብ መድረክ ላይ ባንዱ ሁሉ ጊታሩን እንዲሰማ ከተፈለገ ክፍቱ ይስማማል። ቤዙና ከበሮው በበረቱበት፣ ጊታሩም ጠበቅ ብሎ መውጣት ባለበት ቦታ ድፍኑ ያገለግላል። አራተኛ፣ የሳጥኑ ኦም ከአምፕሊፋየሩ ኦም ጋር መግጠም አለበት፤ በተለይ የቱቦ አምፕሊፋየር በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ ይቃጠላል። አምስተኛ፣ ክብደቱ። የማርሻል ባለ አራት ስፒከር ሳጥን ወደ 36 ኪሎ ይመዝናል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ሠራተኛ የሚቀጥር ታውንሸንድ አይደለም፤ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ነው።

ዝም ብሎ ሰማኝና «ያ ሳጥን ግን ያምራል እኮ» አለ። እውነቱን ነው፤ ያምራል። ከልጅነታችን ጀምሮ በፎቶግራፍ ላይ ያየነው እሱን ነው። እኔም ብሆን ሳላነብ ቢጠይቀኝ ኖሮ ግዛው እለው ነበር። ሰዎቹ በጊዜያቸው የነበረባቸውን ችግር በሳጥን ተወጡት፤ እኛ ችግሩን ሳናውቅ ሳጥኑን ወደድነው።

በመጨረሻ የገዛው አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ሳጥን ነው። ከተረፈው ገንዘብ ጥቂቱን ለጆሮ ሐኪም ከፈለ። ሐኪሙ በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ እንደማይመለሱ ነገረው፤ የቀረውን ጠብቅ አለው። አሁን የጆሮ መድፈኛ ያደርጋል።

በቅርቡ ክበቡ ሄጄ ነበር። ሳጥኗን ባዶ የቢራ ሳጥን ላይ አስቀምጦ፣ ከሥሯ እንጨት ሸጉጦ፣ ፊቷን ወደ ፊቱ አቅንቷታል። ከፊቷ አንዲት ማይክ ቆማለች። ድምፃዊቷ የምትለው ቃል በሙሉ ይሰማ ነበር፤ ጊታሩም ይሰማ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ወጣ ሲል ስለ ፉጨቱ ጠየቅሁት።

«አለ» አለኝ። «ግን አልጨመረም።»